የሳቅ ቤቱ ለቅሶ

ቢቸና ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ሻይ ቤት ነበረኝ። ሻይ ቤቱ ከፊት ነው፤ ከጀርባው ደግሞ አባቴ እህል ያከማቹበት የነበረ ሰፊ ክፍል አለ። አባቴ ካረፉ በኋላ ክፍሉን አይጥ ወረሰው። ጎረቤቶቼ «አልጋ ዘርጊበትና አከራዪው፤ መንገደኛ መቼ ይጠፋል» ይሉኝ ነበር። ምክሩ ደግ ነበር። እኔ ግን የሳቅ ቤት አደረግሁት።

ሳቅ ደግሞ ምን ቤት ያሻዋል እንዳትሉኝ፤ ያላለኝ የለም። ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን በራሴ ነው የለቃቀምኩት። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳላነብ ጥዬ አላውቅም። ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ሰው ሰውን ሲያስቅ ማየት ነው። ድሮ በእኛ አገር ቀልደኛ ያልተጠራበት ሠርግ፣ ጨዋታ ያልሞቀበት ማኅበር መቼ ነበር? ኋላ ካሴት መጣ፤ ካሴቱን ቪሲዲ ተካው። ሰዉም ሳቅ ማለት ከአዲስ አበባ እንደ ሳሙና በካርቶን ታሽጎ የሚመጣ ነገር ይመስለው ጀመር። ያገራችን ቀልደኛ ሲሞት ልብሱ ለዘመድ ይከፋፈላል፤ ጨዋታው ካፍ ወዳፍ ሲንከባለል ቆይቶ የሆነ ቦታ ይቀራል። ይህ ያንገበግበኝ ነበር።

ስለዚህ መልቀም ጀመርኩ። በደርግ ጊዜ በኪነት ቡድን ውስጥ ሴት እየሆነ ይጫወት የነበረ ሰው የቃጫ ዊጉን ሰጠኝ፤ ብል በልቶት የግማሽ ራስ ሆኗል። ከትምህርት ቤት ደግሞ ባለ ሦስት እግር ወንበር አገኘሁ። በየዓመቱ በሚታየው ድራማ ላይ ዳኛው ፍርድ ሊሰጥ ሲቀመጥ የሚወድቅበት ነው፤ አራተኛውን እግር ሆን ብለው ነው የነቀሉት። የደብረ ወርቁ መሪጌታ የቅኔ ተማሪ ሳሉ ቁራሽ የሚለምኑበትን አኩፋዳ ሰጡኝ። አንዱ ጎኑ ተጥፏል፤ ውሻ ነክሶት ነው። መሪጌታው ያን ውሻ ሆነው ሲጮሁ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ዝም ይላል።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ከሣጥን እንጨት መድረክ ሠራልኝ፤ አስተዋዋቂም እሱ ሆነ። በገበያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የፈለገ ሰው መድረኩ ላይ ይወጣል። የቤቱ ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ወጥቶ ያላሳቀ ሰው የሻይ ብርጭቆ ያጥባል። ፖሊስ አጥቧል፤ አስተማሪ አጥቧል። የእንስሳት ሐኪሙ እያጠበ ሳለ አንዱ ብርጭቆ አፈትልኮት ሊይዘው ሲዘል ባልዲው ውስጥ ተቀመጠና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ይኸው አሳቅሁ» አለ። ልብስ ሰፊው «ዘግይቷል፤ ከመድረክ ከወረድክ በኋላ ነው» ብሎ ወደ ብርጭቆው መለሰው።

ከወረዳው አንድ ወጣት ባለሙያ ሊያየን መጥቶም ነበር። ዊጉን አየ፤ ወንበሩን ሊቀመጥበት ሲል በክንዱ ያዝነው። እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰካና፣ «እኔን ግራ የገባኝ ካታጎሪው ነው። ሙዚየም ነው ወይስ መዝናኛ?» አለ።

ልብስ ሰፊው «በሁለቱም አስገባን» አለው። «በአንዱ ስታስወጡን በሌላው እንመለሳለን።»

ወጣቱ ሳቀና ሻይ አዘዘ። የእኛ ነገር በዚያው አለቀ።

አንድ ነገር ግን ይጎድለኝ ነበር። የሞጣው ሽማግሌ።

እኚህ ሰው ኑሯቸው እርሻ ነው፤ የሚጫወቱት ሲጠሩ ብቻ ነው። እኔ ገና ልጅ ሳለሁ በአክስቴ ሠርግ ላይ አየኋቸው። ረዥም ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ዳሱ መሐል ቆመዋል። ምንም አልተናገሩም። ጫማው የጠፋበት ሠርገኛ ሆነው የሰዉን እግር ብቻ ያያሉ። አንዱ ጫማ ፊት ይቆማሉ፤ ቀስ ብለው ወደ ባለ ጫማው ፊት ቀና ይላሉ፤ ይጠራጠራሉ፤ ሰውዬው የተከበረ ሰው መሆኑን ያያሉ፤ አንገታቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። ከዚያ ሁለት ሰው አልፈው እንደገና ዞረው ያንኑ ጫማ ያያሉ። የሰበካው ቄስ እግራቸውን ወንበር ሥር ሲደብቁ ዓይኔ አይቷል። ከሠርጉ የሙሽራዋን ቀሚስ አላስታውስም፤ ያን የሽማግሌውን ዓይን ግን አልረሳውም።

እኚህ ሰው መጫወት ትተዋል ተባለ። አልዋጥልሽ አለኝና ሞጣ ድረስ ሄድኩ።

ጓሯቸው ተቀምጠው የቀንበር ጠፍር እያሹ ያለሰልሱ ነበር። ስለ ቤቴ ነገርኳቸው። በጨዋነት አዳመጡኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ቀን መጥተው ይጫወቱልኝ» አልኩ።

«ማን ይሰማኛል?»

«እኔ አለሁ።»

«አንቺ አንድ ነሽ።»

«ልብስ ሰፊውም አለ።»

«ልብስ ሰፊ እየሰፋ ነው የሚሰማው። ቀና የሚለው መርፌው ሲወጋው ነው።»

ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው ይሰሙን ነበር። «ለምን እንደተወው አልነግራትም?» አሉ።

«ተይው» አሉ ሽማግሌው።

«አልተወውም። ሠርግ ጠርተውት ሄደ፤ ልጄ። ጨዋታው መሐል ላይ ሲደርስ ጎረምሶቹ ከጀርባው ቴሌቪዥን ከፍተው ቪሲዲ ለቀቁበት። ዳሱ ሙሉ ሰው ፊቱን ወደዚያ አዞረ። ይኼም ሰውዬ ከዘራውን አንሥቶ ቤቱ ገባ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ለእኔ እንኳ አንዲት ነገር ተጫውቶ አያውቅ።»

«ቴሌቪዥኑ ያስቃል እኮ» አሉ ሽማግሌው ጠፍሩን እያገላበጡ። «እኔም ቆሜ አይቼ ስቄአለሁ። አንዱ ልጅ ጥሩ አድርጎ ወደቀ። ያሳቀ ሰው ይነቀፋል?»

ቅሬታም አልነበረባቸውም። የባሰው እሱ ነው፤ የተቆጣ ሰው ይታረቃል፣ የተወ ሰው ግን በምን ይመለሳል? ከዚያ ራሳቸው ተነሥተው ገቡና ካፖርታቸውን፣ ከዘራቸውን፣ የዝንብ ጭራቸውን፣ ፎቶ ቤት ተነሥተው በመስተዋት ያስገቡትን ትልቅ ፎቶግራፋቸውንም ጭምር አምጥተው ጭኔ ላይ አኖሩት። «ዕቃው ይሂድልሽ» አሉኝ። «እኔ ግን ከእንግዲህ ሰው ፊት አልቆምም።»

ባለቤታቸው እስከ አጥሩ ሸኙኝ። «ድሮ እንቅልፍ የሚነሣኝ ጨዋታው ነበር» አሉኝ። «አሁን የሚነሣኝ ዝምታው ነው። እስቲ አንቺ በሆነ መላ አስነሺልኝ።»

«እሞክራለሁ እትዬ» ብዬ አቅፌያቸው መጣሁ። ምን እንደምሞክር ግን አላውቅም ነበር።

ቢቸና ስገባ ለዕቃው ከሁሉ የተሻለውን ግድግዳ መረጥኩ። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ካፖርቱ አልታይ አለ። ልብስ ሰፊው «ከኋላው ጨርቅ ያስፈልገዋል» አለና ሱቁ ገብቶ የተረፈውን ገበር ይዞ መጣ። ጥቁር ነበር። ጥቁሩን ወጠርን፤ ካፖርቱን ሰቀልን፤ ከዘራውን ካፖርቱ ክንድ ላይ አንጠለጠልን፤ ጭራውን ከጎን፣ ፎቶውን ከላይ አደረግን። ራቅ ብለን አየነው። አማረብን። ልብስ ሰፊው «ሰውዬው ራሳቸው የቆሙ አይመስሉም?» አለ። ይመስሉ ነበር።

በገበያ ቀን መብራት ጠፋ። ክፍሉ መስኮት ስለሌለው ጨለመ። የመጣው ሰው ያንን ግድግዳ ሳያየው እንዳይሄድ ብዬ ከፎቶው ሥር ሻማ አበራሁ፤ ከዚያ ልብስ ሰፊውን «ቤቱን አደራ» ብዬ ለሻዩ ስኳር ልገዛ ወጣሁ።

እንግዲህ አስቡት። ጥቁር ጨርቅ፣ ፎቶግራፍ፣ ካፖርት፣ ከዘራ፣ ሻማ። በእኛ አገር የሰው ልብስና ከዘራ ከፎቶው ጋር ለሕዝብ የሚወጣው ለቅሶ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ሲሞት። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ ልብስ ሰፊውም ያውቃል። በሙዚየም ልባችን ጠፍቶ አንዳችንም አላሰብነውም።

ስመለስ ልብስ ሰፊው መቀስ ይዞ ሱሪ ይቀድዳል።

«አንዲት ሴት ገብታ አልቅሳ ሄደች» አለኝ።

«የምን ሴት?»

«ነጭ ሽንኩርት ሻጭ። ከሞጣ ወገን ነው መሰል የመጣችው። ገባች፣ ግድግዳውን አየች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ቁጭ ብላ አለቀሰች።»

«ማን ሞቶባት ነው?»

«አልጠየቅኋትም። ያዘነ ሰው ማን ሞተብህ ይባላል እንዴ? እግዜር ያጥናሽ አልኳት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«አንተንም ያጥናህ አለችኝ። አሜን አልኩ።»

ምስኪን፣ ሐዘኗ ገበያ ላይ ቀስቅሷት ይሆናል አልኩና ስኳሬን ገለበጥኩ። ሴትየዋ ለካ ወዲያው የጭነት መኪና ላይ ወጥታ ወደ ሞጣ ስትበር ነበር። በየመንገዱ መኪናው በቆመ ቁጥር ምን ብላ እንደምትወርድ መገመት አያቅታችሁም። «በዓይኔ አይቼ ነው የመጣሁት፤ ካፖርቱ ተሰቅሎ፣ ሻማው በርቶ፣ ቤተ ዘመዱም አጽናንቶኝ።» ያን ጊዜ ሞባይል በእኛ ዘንድ ገና የነጋዴ ጌጥ ነበር። ደውሎ የሚያጣራ የለም።

በማግሥቱ የሳቅ ቤቴ ባልለመደው ሰው ተሞላ። ይገባሉ፤ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ ግድግዳውን ተደግፈው ዝም ይላሉ። ሻይ ሳቀርብ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አይ፣ ይቅር» ይላሉ። አንድ አዛውንት አጠገባቸው አስቀምጠውኝ፣ «እህል ቀምሰሻል?» አሉኝ።

«በልቻለሁ አባቴ።»

«በርቺ። ካልበሉ አይቻልም። አንቺ ምናቸው ነሽ?»

«ወዳጃቸው ነኝ።»

«አይ ወዳጅ» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

እኔ ደግሞ ልቤ ሞላ። ለካ ሰዉ ሙዚየም ሲገባ እንዴት እንደሚከበር ያውቃል፤ ለካ አገሬ ቀልደኛውን እንዲህ ያከብራል ብዬ። ለልብስ ሰፊው «አየህ አይደል?» አልኩት። እሱም «ግን አንድም ሰው አልሳቀም» አለኝ። «ዕቃ እያዩ ማን ይስቃል?» ብዬ ገሠጽኩት።

ነገሩ የገባኝ የደብረ ወርቁ መሪጌታ ሲመጡ ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። አኩፋዳቸውን ሊያዩ የመጡ መስሎኝ ወንበር ሳብኩላቸው። እሳቸው ግን ከካፖርቱ ፊት ቆመው ጸሎት አደረሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«እኛ ነገ ሞጣ ለቅሶ ልንደርስ ነው። ካንቺ ወገን ማን ይሄዳል?»

«ማን ሞተና ነው መሪጌታ?»

ወደ ግድግዳው በአገጫቸው አመለከቱኝ። ከዚያ ፊቴን አዩት። ከዚያ እሳቸውም እንደገና ግድግዳውን አዩት፤ ሻማውን፣ ጥቁሩን።

«ሰውዬው በሕይወት አሉ እንዴ?» አሉ በቀስታ።

«ጠፍር እያለሰለሱ ነው የተውኳቸው።»

መሪጌታው ነጠላቸውን አስተካከሉና «እኔ ፍትሐት ልገባ ነበር» አሉ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ያው ባለ ሦስት እግሩ ነበርና ወደቁ፤ ማንም አልሳቀም።

በማግሥቱ በጠዋቱ ቅጥቅጡ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ግማሹ ተሳፋሪ ነጠላውን አዘቅዝቋል። ደብረ ወርቅ ላይ ሌላ ሐዘንተኛ ተጨመረ። ያኔ መንገዱ ጠጠር ስለነበር አቧራው ከፊት መጥቶ ከኋላ ይወጣል። መቆየት አላስቻለኝም፤ ተነሥቼ ቆምኩ።

«እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ሰውዬው አልሞቱም። ካፖርታቸውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ።»

ከጎኔ የተቀመጡ እናት እጄን ይዘው አስቀመጡኝ።

«እንዲህ ነው ልጄ» አሉኝ። «እኔም ወንድሜ የሞተ ጊዜ ገበያ ሄዶ ነው እያልኩ ስንት ቀን ምሳውን አስቀምጥለት ነበር።»

«እማማ፣ በእግዜር፣ በሕይወት አሉ ስልዎት።»

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» አለ ከፊት ያለ ሰውዬ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ረዳቱ አዘነልኝና ሙዚቃውን አስጠፋልኝ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልናገር? በተናገርኩ ቁጥር ሐዘኔ እየጠና የሄደ መሰላቸው። አንዷማ «ወለላዬ፣ አልቅሺና ይውጣልሽ» እያለች ጀርባዬን ታሸኛለች። ሞጣ እስክንደርስ በሕይወት ላለ ሰው ስጽናና ሄድኩ።

የእድሩ ድንኳን ከደጃቸው ተተክሏል። ውስጡ ሰው ሞልቷል። ሽማግሌው ድንኳኑ አፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ አዲስ የሚመጣ አልቃሽ በመጀመሪያ እሳቸውን እንዲያይ ተብሎ። የአውቶቡሴ ሰዎች እያለቀሱ ሲጠጉ አዩአቸውና ለቅሷቸው እጉሮሯቸው ላይ ቀረ። እኒያ እጄን የያዙኝ እናት አማተቡና «አንቺ ልጅ እውነትሽን ኖሯል» አሉኝ። የተቀየሙኝ መሰለኝ።

ባለቤታቸው ወደ ጓሮ ስበው ወሰዱኝና የሆነውን ነገሩኝ። በመጀመሪያው ቀን ገና በጠዋት ከታች ከመንገዱ ለቅሶ ተሰማ። ሽማግሌው «ማን ሞተ ይሆን?» ብለው ጋቢያቸውን አነሡና ሮጡ። በእኛ አገር መጀመሪያ ይደረሳል፤ ማን እንደሞተ እዚያ ሲደርሱ ይታወቃል። ከአልቃሾቹ ኋላ ገብተው እሳቸውም «ወይኔ ወንድሜን» እያሉ ይከተላሉ። ሰዉ ሽቅብ ሲወጣ ይወጣሉ፤ ሲታጠፍ ይታጠፋሉ። የራሳቸው አጥር ጋ ሲደርሱ ነው «እንዴ፣ ከእኔ ቤት ማን?» ብለው የጠየቁት። ከፊታቸው የነበረው ሰው ሊመልስላቸው ዞረና ቀጥ ብሎ ወደቀ።

«ታዲያ ድንኳኑ ለምን አልተነሣም?» አልኩ።

ይህን የመለሱልኝ የእድሩ ዳኛ ናቸው። «ከዳር ያለው ሰው ገና አልደረሰም፤ ልጄ። ድንኳኑን ብናነሣ እያንዳንዱ ቤት እያንኳኳ ሲያለቅስ ይከርማል። እዚሁ መጥቶ አይቶ ይሂድ። ንፍሮውም ተቀቅሏል።»

ወደ ሽማግሌው ተጠግቼ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ።

«አንቺ ነሽ የገደልሽኝ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«በምን?»

«በካፖርቱ።»

«ካፖርቱ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«በይ እንግዲያው ግቢና ንፍሮ ቅመሺ። በእኔ ስም ነው የተቀቀለው።»

ነገሩ ያስቃል፤ እሳቸው ግን ፊታቸው አልተፈታም። «ቀድሞ ቴሌቪዥን አስቀመጠኝ» አሉ ከዘራ እንደያዘ ሰው ባዶ እጃቸውን እያዩ። «አሁን ደግሞ ሞት። እንግዲህ በቃ፤ የተለቀሰለት ሰው ምን ብሎ ይቀልዳል? ቤትሽ አትጠብቂኝ።» ቀና ስል ባለቤታቸው የንፍሮውን ሰፌድ እንደያዙ ያዩኛል። አስነሺልኝ ያሉኝን ሰው ጭራሽ ቀብሬላቸው መጥቻለሁ።

ድንኳኑ ውስጥ ግን ሰዉ ለቅሶው ቀርቶበት፣ መንገዱንም መልሶ ለመሄድ ሰንፎ፣ ወደ ወሬ ገብቷል። ወሬው ደግሞ ስለማን ይሆናል? አንዱ «በእኔ እኅት ሠርግ ላይ እንዲህ አድርገው» ይላል፤ ሌላው «እሱ ምን አለው፣ በእኛ ማኅበር ላይ» ይላል። ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የተቀመጡት። በዚህ መሐል አንድ የበግ ነጋዴ፣ ድምፁ ገበያ የለመደ፣ ተነሥቶ ቆመ።

«የበቅሎዋን ማን ያውቃል?» አለ። «ልንገራችሁ። አንድ ሰውዬ በቅሎውን ሊሸጥ ገበያ ይወጣል። ሰውዬው መቼም ጠላ ነፍሱ ነው። ውሽማም አለችው። እና በቅሎዋ ይህን ስለለመደች ጠላ ቤት ባየች ቁጥር ትቆማለች...»

የሽማግሌው ጆሮ ሲነቃ አየሁት። እውነቴን ነው፤ ጆሯቸው ተንቀሳቀሰ።

«...መጨረሻ ላይ የውሽማው ደጅ ሄዳ ቆመች። ገዢውም ምን አለ መሰላችሁ፣ በቅሎዋን ተዋትና ሰውዬውን ሽጡት አለ።»

ሰዉ ፈገግ አለ። እንደ ንፍሮ ፈገግታ፣ ለወጉ ያህል።

«ቆይ» አሉ ሽማግሌው።

በርጩማቸው ላይ ዞሩ።

«ገዢው ነው ያለው?»

«አዎ» አለ ነጋዴው፤ «ገዢው አይደል እንዴ?»

«ገዢው ምን አገባው? ገዢውማ ከሥሩ የቆመችውን በቅሎ ጥርስ እያየ ነው። ደግሞስ ጠላ ነፍሱ ነው ብለህ ገና ሳትነሣ ነግረኻቸው፣ በቅሎዋ ምን ሥራ ቀራት? እሷ ናት እኮ የምትናገረው።»

«እንግዲህ እኔ እንደሰማሁት...»

«ከማን ሰማኸው?»

«ከእርስዎ።»

«ከእኔ እንዲህ አልሰማህም» አሉ፤ ከበርጩማው ተነሡ። ከዘራቸውን ፈለጉ። ከዘራው ቢቸና ነው። የእድሩ ዳኛ የተረፈ የድንኳን ካስማ አቀበሏቸው። ይዘውት ድንኳኑ መሐል ገቡ።

በቅሎዋን ሆነው ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ሌላ ምንም አላደረጉም፤ ጭንቅላታቸውን በቀስታ ወደ ግራ አዞሩና እዚያ ያለውን ቤት በናፍቆት አዩት። ከዚያ ሻጩን ሆኑ፤ «ውሃ ጠምቷት ነው» አሉ። እንደገና በቅሎዋ። እንደገና ቆመች። «የቄስ በቅሎ ነበረች፤ ደጅ ሳትሳለም አታልፍም።» እንደገና። ሻጩ በየጠላ ቤቱ አዲስ ምክንያት ያወጣል፤ ምክንያቱ እየከበረ በሄደ ቁጥር እሱ እያላበው ይሄዳል። ሰዉ ቀስ በቀስ ይገባው ጀመር። መጀመሪያ አንዲት ሴት ከኋላ ሳቀች፤ ከዚያ ያ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ያለው ሰውዬ። ከዚያ ሁሉም።

በዚህ መሐል ከዳር የሚጠበቁት አልቃሾች ደረሱ። ደረት እየደቁ እየጮሁ ድንኳኑ አፍ ላይ ሲቆሙ ሐዘንተኛው ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ሟቹ መሐል ላይ ቆመው በቅሎ ሆነዋል።

ሽማግሌው አንገታቸውን አዞሩ። «ግቡ፣ ግቡ» አሏቸው። «አልዘገያችሁም፤ ገና ሁለተኛው ጠላ ቤት ናት።» ላልሰሙትም ብለው ከመጀመሪያው ጀመሩት።

መጨረሻው ላይ በቅሎዋ አንዲት ባል የሌላት ሴት ደጅ ላይ ቆመች። መቆም ብቻ አይደለም፤ በሩን በአፍንጫዋ ገፋችው። ሻጩ ምክንያት ፈለገ፤ አፉን ከፈተ፤ ዘጋ። በቅሎዋን አየ። ደጁን አየ። ሽማግሌው ዝም ብለው ቆሙ። ቆዩ። ከዚያ ሻጩ ዓይኑን ቀስ አድርጎ አዞረና የገዛ ሚስቱን አያት፤ በቅሎዋን ልትሸኝ እስከ ገበያ መጥታ ኖሯል። አሁን ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሠሩና ሚስትየዋን ሆኑ።

«በሉ በቅሎዬን መልሱልኝ» አሉ በእርጋታ። «ቤታችን ውስጥ እውነት የምትናገረው እሷ ብቻ ናት። ባሌን የሚገዛ ካለ ግን ይኸው፤ ተገርቷል።»

የድንኳኑ ካስማ ያልተነቀለው በእግዜር ቸርነት ነው። የእድሩ ዳኛ የተቀመጡበት አግዳሚ ላይ በጎናቸው ተኙ። የሽማግሌው ባለቤት ሰፌዱን መሬት አስቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ያ ሁሉ ሰው ሲያለቅስ እንባ ያልወጣቸው እሳቸው ነበሩ።

ሳቁ በረድ ሲል ሽማግሌው ላባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ ወደ እኔ መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ያ ቤትሽ ምን ያህል ሰው ይይዛል?»

«ከዚህ ድንኳን ያንሳል ጋሼ።»

«እንግዲያው በሩን ከፍተሽ ጠብቂኝ፤ ደጅ የቆመውም ይስማ። በመጪው ገበያ እመጣለሁ።» ከዚያ ወደ በግ ነጋዴው ዞሩ። «ይኼ ሰውዬ በየገበያው እንዲህ እያበላሸ ሲነግረው ከርሞ ኖሯል። ሳይስፋፋ መድረስ አለብኝ።»

ነጋዴው ንፍሮውን እየቆረጠመ፣ «እኔም መጥቼ እሰማዎታለሁ» አለ።

«አንተማ ከፊት ነው የምትቀመጠው» አሉት። «ዓይኔ ሥር።»